የመፍቻው እጀታና የኅሊና ነገር

«ሰው የሚዋሸው እዚህ ላይ ነው» አሉኝ፣ ቀኝ ትከሻቸውን በግራ እጃቸው እያሹ።

ይህን ያሉኝ ፒያኖ በመቃኘት የሚተዳደሩ አንድ አዛውንት ናቸው። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለ ለመኑኝ እንደ ወትሮው ጋሼ እያልሁ እቀጥላለሁ። ጊዜው መስከረም ሊጠባ ጥቂት ሲቀረው፣ ክረምቱ አዲስ አበባን አጥቦ አጥቦ ሊለቃት ሲሰናዳ ነበር። የሄድነው አንድ መኖሪያ ቤት ነው። ሳሎኑ ውስጥ ግድግዳ ተጠግቶ የቆመ አሮጌ ፒያኖ አለ። ጋሼ ፊቱን ገልጠው፣ ከመሃል ጀምረው፣ ወደ ታች ወርደው፣ አሁን ወደ ላይ እየወጡ ነው። ሁለት ሰዓት ያህል ሠርተዋል። የቀሯቸው ቀጫጭኖቹ፣ አሥራ አምስት ወይም ሃያ ክሮች ብቻ ናቸው። የቤቱ እመቤት ቡና አቅርበው ይጠብቃሉ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቶሎ ጨርሰው ብንቀመጥ ደስ ባለኝ ነበር።

«ውሸቱ የቱ ላይ ነው ጋሼ?»

«ድምፁ መጥቷል፤ ትሰማዋለህ። ሚስማሯ ግን ገና አልሰከነችም። እጄ ደግሞ ደክሟል። አሁን ብለቃት አንተም አታውቅብኝ፣ እሳቸውም አያውቁብኝ።»

ነገሩ ለማያውቀው እንዲገባ ጥቂት ላስረዳ። ፒያኖ 88 ቁልፎች አሉት። ክሮቹ ግን ከዚህ በብዙ ይበልጣሉ፤ ወፍራሞቹ ለአንድ ድምፅ አንድ ወይም ሁለት፣ የቀሩት ሦስት ሦስት ሆነው ስለሚወጠሩ በብዙው ፒያኖ ላይ ወደ 230 ይጠጋሉ። እያንዳንዱ ክር በአንዲት የብረት ሚስማር ላይ ተጠምጥሟል። ክሮቹ በአንድነት የሚስቡበት ኃይል ከ15 እስከ 20 ቶን ይደርሳል ቢባል የሚያምን ጥቂት ነው። ሳሎን ውስጥ ዳንቴል ለብሶ የፎቶግራፍ ማስቀመጫ የሆነው ዕቃ፣ በሆዱ የጭነት መኪና የሚያህል ጉልበት ይዞ ነው ጸጥ ብሎ የቆመው።

ሚስማሯን የሚይዛት ዳዶ የለም፤ ጠንካራ እንጨት ውስጥ ተሰክታ የእንጨቱ ጥብቀት ብቻ ነው የሚይዛት። ባለሙያው መፍቻውን አናቷ ላይ ሰክቶ ሲያዞር መጀመሪያ የሚዞረው አናቷ ነው፤ ሥሯን ግን እንጨቱ አንቆ ለጥቂት ያቆየዋል። ብረት ብትሆንም በዚያች ቅጽበት ትጠመዘዛለች። ድምፁ መጣ ብሎ የለቀቃት እንደሆነ የተጠመዘዘችውን ያህል ቀስ በቀስ ትመለሳለች፤ ክሩም ይከተላታል። ይህ ወዲያው አይታወቅም። ልጅየው ትንሽ ጠንከር አድርጎ ሲጫወት፣ አየሩ ሲለወጥ፣ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ይታወቃል። ያን ጊዜ ደግሞ ማንም ባለሙያውን አይወቅስም፤ ፒያኖው አርጅቷል ይባላል። ስለዚህ ሙያው የሚጠይቀው ድምፁን ማምጣት ብቻ ሳይሆን ሚስማሯን ማስከን ነው፤ ከልኩ በጥቂቱ አልፎ፣ በጥቂቱ መልሶ፣ ሥሯም አናቷም አንድ ቦታ ላይ መቀመጣቸውን በእጅ መስማት። «በእጅ መስማት» ያልሁት ለአነጋገር ማሳመሪያ አይደለም። በቀጫጭኖቹ ክሮች ላይ የመፍቻው ጫፍ በዓይን ሊታይ እስከማይችል ድረስ ጥቂት ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። የሚያውቀው መዳፍ ነው።

ጋሼ ያን ቀን አልዋሹም። ትከሻቸውን አሽተው ሲያበቁ የቀሩትን ሚስማሮች አንድ በአንድ አስከኗቸው። ቡናው ሁለተኛ ተፈላ። እኔም ይህን እንደ ምስጉን ምግባር ቆጥሬ ወደ ቤቴ ሄድሁ። ነገሩ ግን እዚያ ላይ አላበቃም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ውጭ አገር የምትኖር የእህታቸው ልጅ «ምን ልላክልዎት?» ብላ ጠየቀቻቸው። ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወታቸው አዲስ መፍቻ ለመጠየቅ አሰቡና የመሣሪያዎቹን ዝርዝር አብረን እንድናነበው ጠሩኝ።

መሣሪያው በእንግሊዝኛ «ቱኒንግ ሐመር» ይባላል። ሐመር መዶሻ ማለት ነው፤ ዕቃው ግን መዶሻ አይደለም፣ መፍቻ ነው። ስሙ የቀረው ከጥንቱ ነው። በዚያን ዘመን የቲ ፊደል ቅርጽ ነበረው፤ በአንድ በኩል ያዞራሉ፣ በላላ ጊዜ ደግሞ ሚስማሩን ቀጥቅጠው ወደ እንጨቱ ያስገቡበታል። (የእኛ በገና ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ ነው። አሥሩም ክሮቹ የየራሳቸው መቃኛ እንጨት ስላላቸው መፍቻውን ይዞ የተወለደ መሣሪያ ነው። ፒያኖ ግን ቦርሳ ያንጠለጠለ እንግዳ ካልመጣለት ራሱን አይችልም።)

ዝርዝሩን ስንገልጥ አንድ መፍቻ ስንት ነገር እንዳለው አይቼ ተደነቅሁ። የአንገቱ ዘዌ አለ፤ 5 ዲግሪ፣ 10 ዲግሪ፣ 15 ዲግሪ እየተባለ ይለያል። አንገቱ በጣም ከተኛ እጀታው ከፒያኖው ብረትና እንጨት ጋር ይጋጫል፤ በጣም ቀና ካለ ደግሞ ከፍ ብሎ ስለሚሠራ ሚስማሯን ከማዞር ይልቅ ያጎብጣታል። ርዝመቱ አለ፤ ረጅሙ ጉልበት ይቆጥባል፣ አጭሩ ስሜትን ያቀርባል። እጀታው አለ፤ ከእንጨት፣ ከናይሎን፣ ከካርቦን ፋይበር የተሠራ። ዋጋው ከሃያና ሠላሳ ዶላር ተነሥቶ እስከ በርካታ መቶ ዶላር ይዘልቃል። ጋሼ ዋጋውን ሲሰሙ ሣቁ። «ለእጀታ?»

ከሁሉ ይልቅ ያቆማቸው ግን ርካሿ ነገር ነበረች፤ የመፍቻው አፍ። የሚስማሯ አናት አራት ማዕዘን ነው። የጋሼ አሮጌ መፍቻ አፍም አራት ማዕዘን ነው። ስለዚህ መፍቻው በሚስማሯ ላይ ሊገባ የሚችለው በአራት አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ከአራቱ አንዱ ካልተመቸ ዘጠና ዲግሪ ዘልሎ ሌላው ነው። አዲሶቹ ግን ስምንት ጫፍ ባለው ኮከብ ቅርጽ የተሠሩ ናቸው፤ በየአርባ አምስት ዲግሪው ይገባሉ። ጋሼ ይህን ሳነብላቸው መነጽራቸውን አወለቁና ዝም አሉ።

እዚህ ላይ የራሴን ጥያቄ ላቅርብ። ለመሆኑ ለእጅ የሚመች መሣሪያ መፈለግ ምንድን ነው? ድሎት ነው? ስንፍና ነው? ወይስ የሥራው አካል? እኔ ያደግሁት ሕመም የሥራ ምስክር በሚሆንበት አስተሳሰብ ውስጥ ነው። አንድን ሠራተኛ ልናመሰግን ስንፈልግ «ለፍቷል» እንላለን፤ ሥራው መስመሩን ከመናገራችን በፊት ሰውየው መድከሙን እንመሰክርለታለን። እጁ የሻከረ፣ ወገቡ የጎበጠ ሰው ፊት ቆሞ ስለ ምቾት የሚያወራ ቀበጥ ነው። «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ሲባልም ሠሪው ይቻለው ማለት ይመስለናል። ጋሼም እንዲህ ናቸው። አሮጌዋን መፍቻ ከሃያ ዓመት በላይ ይዘዋታል፤ ትከሻቸውን እንደምታሳምማቸው ሲናገሩ ድምፃቸው ውስጥ ኩራት አለ።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ማርቲን ሃይደገር እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመው «ሕላዌና ጊዜ» በተሰኘው መጽሐፉ ስለ መዶሻ ያነሣው ነገር አለ። በአጭሩ ሐሳቡ ይህ ነው፤ መዶሻ በትክክል በሚሠራበት ሰዓት ከዓይናችን ይሰወራል። አናጢው የሚያየው ሚስማሩንና ቤቱን እንጂ መዶሻውን አይደለም። መዶሻው ዕቃ ሆኖ ፊታችን የሚገተረው ሲሰበር፣ ሲከብድ፣ ሲጠፋ ነው። የጥንቱ ቻይናዊ ጹዋንግ ጼ ደግሞ ስለ አንድ በሬ በላች ይተርካል፤ ቢላዋው ከመገጣጠሚያ መካከል እንጂ አጥንት ላይ ስለማያርፍ ለ19 ዓመት ሳይደነዝዝ ኖሯል። ሁለቱ በብዙ ነገር አይገናኙም፤ በዚህ አንድ ነገር ግን ይገናኛሉ። የሚመች መሣሪያ ማለት የሚረሳ መሣሪያ ነው።

ይህን ለጋሼ ባወራቸው ግማሹን ተቀበሉኝ፣ ግማሹን መለሱልኝ። «ምቾት ሁለት ነው» አሉ። «አንዱ እጅን ያስተኛዋል። ጎማ የለበሰ፣ ደልደል ያለ እጀታ ያዝሁ አንድ ጊዜ፤ እንደ ትራስ ይመቻል። ግን ሚስማሯ ምን እንደምትለኝ አልሰማሁም፤ ጎማው በላው። ሌላው ምቾት እጅን ያነቃዋል። ጠንካራ ነው፣ አይለምጥም፣ ጣትህን ግን አይጨቁንም።» የሚለምጥ መፍቻ አሳሳች የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ እጅ ሲገፋ መጀመሪያ የሚጎብጠው ራሱ መፍቻው ስለሆነ፣ ሚስማሯ ዞረች ወይስ መፍቻው ጎበጠ የሚለውን መለየት አይቻልም። እንግዲህ የማይጨንቅ ሁሉ የሚመች አይደለም ማለት ነው።

ያም ሆነ ይህ አንዱ ተመረጠ። አንገቱና ባለ ኮከቡ አፍ ከውጭ መጣ። እጀታውን ጋሼ ገንዘብ ማውጣት ከበዳቸውና ወይራ ፈልገው፣ ደርቆ የከረመውን፣ ቶርኖ ቤት ወስደው አስጠረቡት። ሦስት ጊዜ ተመላለስን። የመጀመሪያው ወፈረ፤ ሁለተኛው ጫፉ ላይ ቀጠነ። ባለ ቶርኖው ልጅ በሦስተኛው ተናድዶ «አባባ፣ ይህ የመጥረቢያ እጀታ አይደለም እንዴ?» አላቸው። ጋሼ መዳፋቸውን ዘርግተው አሳዩት። አውራ ጣታቸው ሥር ያለችውን ጉድጓድ አየና ዝም ብሎ ሞተሩን አስነሣ።

ታሪኩ እውነተኛ ጉዳይ የሆነብኝ ከዚህ በኋላ ነው። ጋሼ ደብተር አላቸው። አንድ ፒያኖ ለመቃኘት በሄዱ ቁጥር የትኞቹ ክሮች ከቦታቸው ርቀው እንዳገኟቸው ይጽፋሉ። አዲሱን መፍቻ ይዘው አንድ ወር ያህል ከሠሩ በኋላ አንድ ማታ ደብተሩን ዘርግተው ጠበቁኝ።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ዝናቡን ሳማ ኖሬያለሁ» አሉ።

ዝናቡ በእርግጥ ጥፋት አለበት። በክረምት የፒያኖው የድምፅ ሰሌዳ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፤ ክሮቹ ይወጠራሉ፣ ድምፁ ከፍ ይላል። በበጋ ይደርቃል፤ ድምፁ ይወርዳል። አየሩ ግን ሲያናውጥ ጎረቤታሞቹን አንድ ላይ ነው የሚያናውጣቸው። በደብተሩ ላይ ከዚህ የተለየ ነገር አለ፤ እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ፣ ከሁለት ደህና ክሮች መካከል ብቻዋን የወረደች ክር፤ በሚቀጥለው ዓመትም ያችው፤ ከዚያም ያችው። ጋሼ ቤት ለቤት እየዞሩ እነዚያን ሚስማሮች አዩ። ሁሉም አናታቸው በማይመች አቅጣጫ የቆሙ ናቸው። ሚስማር በየቅኝቱ የምትዞረው ጥቂት ስለሆነ፣ በማይመች አቅጣጫ የቆመች ለዓመታት እዚያው ናት። አራት ማዕዘኑ መፍቻ በእነዚህ ላይ ሲገባ እጀታው ከተገቢው ቦታ እስከ አርባ አምስት ዲግሪ ድረስ ይርቃል፤ ክንድ ይጣመማል፣ ትከሻ ይነሣል፣ እጅም ሚስማሯን ወደ ጎን ይጫናታል። የተጎበጠች ሚስማር ደግሞ የሰከነች ትመስላለች። በባለ ኮከቡ ግን ርቀቱ ከሃያ ሁለት ተኩል ዲግሪ አይበልጥም።

ነገሩ እንዲህ ከሆነ፣ ያን ቀን «ሰው የሚዋሸው እዚህ ላይ ነው» ብለው የተጠነቀቁት ሰው የሚያውቁትን ውሸት ሲጠብቁ የማያውቁት ውሸት በሌላ በር ገብቶ ነበር።

እኔ ላጽናናቸው ሞከርሁ። ያነሣሁት መከራከሪያ በጊዜው ብልህ መስሎኝ ነበር። ፒያኖ ከመሠረቱ ፍጹም ሆኖ አይቃኝም። ከዶ እስከ ሶል ያለውን ርቀት ጆሮ ፍጹም በሚለው ልክ አሥራ ሁለት ጊዜ ብንደራርበው፣ ሰባት ኦክታቭ ወጥተን ከተነሣንበት ድምፅ ላይ ልናርፍ ይገባ ነበር። አናርፍም። የግማሽ ድምፅን ሩብ የምትጠጋ ትርፍ ትቀራለች። ይህ የሰው ስህተት አይደለም፤ የቁጥር ጠባይ ነው። የጥንቶቹ ትርፏን ገፍተው ገፍተው አንድ ጥግ ላይ ያከማቿት ነበር፤ በዚያ ጥግ ያለው ጥንድ ድምፅ ሲመታ ስለሚያላዝን አውሮፓውያን «ተኩላ» አሉት። የዛሬው ቅኝት ትርፏን እንደ እድር መዋጮ ለአሥራ ሁለቱም እኩል ያካፍላታል፤ እያንዳንዱ የግማሽ ድምፅን ሃምሳኛ ያህል ይጎድላል፣ ማንም አያላዝንም። «እንግዲያስ ጋሼ» አልሁ፣ «ሁሉም ክር ትንሽ ትንሽ የሚዋሽ ከሆነ የእርስዎ አንዲት ሚስማር ምን ታመጣለች?»

«የእድር መዋጮና የኪስ አውላቂ አንድ ነው?» አሉኝ። «ሁለቱም ከኪስህ ያወጣሉ።»

መልስ አልነበረኝም። ቆየት ብዬ ግን ጥፋተኛው መሣሪያው እንጂ እርስዎ አይደሉም አልኋቸው፤ አላወቁም፣ ያላወቀ አይጠየቅም። ይህኛው ክርክር ከፊተኛው የበለጠ ክብደት ያለው ይመስለኝ ነበር፤ አሁንም በከፊል ይመስለኛል። ጋሼ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሚስማሯን አላወቅሁም። ሕመሙን ግን አውቅ ነበር። ሕመሙ እኮ ይነግረኝ ነበር፤ እዚህ ላይ ክንድህ ተጣሟል እያለ። እኔ እንደ ጉብዝና ቆጠርሁት። ዋጋውን ብቻዬን የምከፍል መስሎኝ።»

ይህችን የመጨረሻይቱን ቃል ይዤ ብዙ ሰንብቻለሁ። ስንችል የምንኮራው ስቃዩ የራሳችን ነው ብለን ነው። ማን ምን አገባው፣ ትከሻው የእኔ ነው! ግን ስቃይ ባለበት አይቆምም፤ በእጅ አልፎ ወደ ሥራው ይገባል፣ ከሥራው ወደ ባለ ጉዳዩ ይሄዳል። እኔም ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ዓይኔ እየተጨፈነ፣ የጽሑፍ መጨረሻ ጽፌ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ አንድ ዓመተ ምሕረት መጽሐፍ ገልጬ ማረጋገጥ ሲገባኝ ከትውስታዬ ጽፌ ሰደድሁ። ተሳስቼ ነበር። ማታውን ሙሉ ሳልተኛ መሥራቴን ግን ለወዳጆቼ በኩራት አውርቻለሁ።

ይሁንና በዚህ አስተሳሰብ የሚከነክነኝ ነገር አልጠፋም። ታማኝነት በመሣሪያ ከታገዘ፣ መሣሪያ የሌለውስ? የእህት ልጅ ውጭ አገር የሌለችው ባለሙያ ከጋሼ ያነሰ ታማኝ ሊሆን ነው? በተሰነጠቀ እጀታ፣ በደነዘዘ መጋዝ የሚሠራው ሰው ብዙ በሆነበት አገር፣ ምቾትን ከኅሊና ጋር ማያያዝ ድሃውን ሁለት ጊዜ መቅጣት አይሆንም? ጋሼን ጠየቅኋቸው። ወይራው የአገር እንጨት እንደሆነ፣ ለእጀታውም ብዙ እንዳልከፈሉ ነገሩኝ። እውነት ነው፤ ግን ወይራው ትከሻቸውን እንጂ ሚስማሮቹን አላዳነም። ሚስማሮቹን ያዳነው የኮከቡ አፍ ነው፤ እሱ ደግሞ በፖስታ ነው የመጣው። ይህን ስነግራቸው «ልክ ነህ» ብለው ተከዙ። ምናልባት ልዩነቱ፣ ሌላ መፍቻ የሌለው ሰው ቢያንስ ሕመሙን ሊሰማውና «ይህችን ሚስማር አላምናትም፣ በወሩ ልያት» ሊል ይችላል ማለት ይሆናል። ጋሼ ግን በኩራታቸው ምክንያት ይህን እንኳ አላሉም። ይህም ሙሉ መልስ አይደለም፤ በወሩ ተመልሶ የሚመጣበትን ትራንስፖርት ማን ይከፍለዋል?

በጥር ወደዚያው ቤት ተመለስን። ጋሼ አስቀድመው ስልክ ደውለው ለአሁኑ ሥራ እንደማያስከፍሉ ተናግረዋል። ወይዘሮዋ ነገሩ ግራ ገብቷቸዋል። ልጃቸው ቁጭ ብሎ ትንሽ ተጫወተ።

«ምንም አልሆነም እኮ» አሉ ወይዘሮዋ። «ለእኔ ደህና ነው የሚሰማኝ።»

«ደህና ነው» አሉ ጋሼ። «ግን አልሰከነም።»

ፊቱን ገለጡና ከኪሳቸው ጠመኔ አወጡ። ከደብተራቸው እያነበቡ በየሚስማሮቹ አጠገብ፣ ብረቱ ላይ፣ ትንንሽ ነጥብ አደረጉ። አሥራ አንድ ሆኑ። ከዚያ ኮቱን አውልቀው፣ የወይራውን እጀታ በመዳፋቸው አገላብጠው፣ የመጀመሪያይቱ ላይ ሰኩት፤ አልተመቻቸውም፣ አወጡና በአንድ ጫፍ አዙረው እንደገና ሰኩት። እመቤቲቱ ወደ እኔ ዘወር ብለው በሹክሹክታ «ይቆያሉ?» አሉ።

«ይቆያሉ» አልኋቸው።

ሄደው ጀበናውን ከምድጃው አነሡት።